በመጋቢት ጉም ውስጥ «ሦስት» ያለው ድምፅ

እኔ ሸዋሮቢት ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ እገሌን ጂን ጠራው፣ እገሊት ገደል አፋፍ ላይ ሰው ያልሆነ ነገር አየች ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይሄንንም የማወራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ ሳይሆን ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

አባዬ በጉልበቱ ዘመን ተራራ ሊወጡ የሚመጡ እንግዶችን ከእኛ ቆላ እስከ ደጋው ጫፍ መንገድ ይመራ ነበር፣ ትምህርት በሌለ ቀን እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ያስከትለናል። የወራቱን ጠባይ እንደ ልጆቹ ጠባይ ነበር የሚያውቀው፣ «ክረምት መንገዱ ያንሸራትታል፣ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው እንጂ ቀኑ ለእግር ይመቻል፣ በልግን ግን አትመኑት፣ የቆላው ሙቀት ጉም ሆኖ ሲወጣ ገደሉን ከመንገዱ አትለዩትም» ይለን ነበር። ድንገት ጉም ከያዘን ፊት የምሄደው እኔ «አንድ!» እላለሁ፣ ሰይድ «ሁለት!» ይላል፣ ከኋላችን አባዬ በዚያ ጎርናና ድምፁ «ሦስት!» ይላል፣ እና ምን ልበላችሁ፣ ያቺን «ሦስት» ስሰማ የሚሰማኝን እፎይታ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም። ላይ ስንደርስ የአባዬ ወዳጅ ጋሼ ደምሴ የተቀቀለ ባቄላ ይዘው ይጠብቁናል፣ ሁለታችንንም በአንድ ጋቢ ይጠቀልሉናል።

አሁን አባዬ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው፣ አንደበቱም ከተያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው መጋቢት ጋሼ ደምሴ በጠና ታመዋል የሚል ወሬ መጣ፣ አባዬ ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ በደህናው እጁ ወደ ተራራው አመለከተን።

«ወሩ ጥሩ አይደለም» አልኩት ሰይድን።

«ኅዳር እስኪመጣ ሰውዬው ይጠብቁናል?» አለኝ።

ማለዳ ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ጫፉ ላይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ጉሙ ከታች ተነሳ፣ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ እጄን ወሰደብኝ። ወፎቹ ዝም አሉ። አንድ ድንጋይ ከአጠገባችን ተንከባለለ፣ መውደቁን ለመስማት ብንጠብቅ ብንጠብቅ ምንም የለም። ከዚያ የሰው ሳል ሰማን።

«አንቺ ነሽ?» አለ ሰይድ።

«አንተ መስለኸኝ!»

ፍርሃቴን ልሸፍን ብዬ ይሁን ልማድ ሆኖብኝ እንጃ፣ «አንድ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሁለት!» አለ ሰይድ።

«ሦስት!»

ወላሂ የአባዬ ድምፅ ነው፣ የዛሬው አባዬ አይደለም፣ የያኔው፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ሳቅ የሚለው። ደግሞ አልፈራሁም እኮ፣ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ እንደ አሥር ዓመት ልጅ ደስ ብሎኝ ወደ ድምፁ ሄድኩ፣ ሁለት ወይ ሦስት እርምጃ ብራመድ ነው፣ ሰይድ ሻሼን ከኋላ ጨምድዶ «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ ከጫማዬ ጫፍ ወዲያ መሬት አልነበረም።

ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምሳውን አጉርሼው ተኝቷል፣ ምነው ድምፅሽ?»

«ምንም» አልኳት።

ጋሼ ደምሴን በሕይወት ደረስንባቸው። እጃችንን ይዘው ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ በሩን አሻግረው እያዩ፣ «አባታችሁስ? ከኋላ ነው?» አሉን። ትኩሳት ነው ብለን አለፍነው፣ በሳምንቱ አረፉ።

ሰይድ እስከ ዛሬ ልቡ ሙሉ ነው፣ «አባዬ ነው፣ እንደ ድሮው ከኋላችን ሆኖ እየጠበቀን ነበር፣ ድምፁ የመጣው ከጀርባዬ ነው» ይላል፣ ደስ እንዲለው አንገቴን እነቀንቅለታለሁ። እኔ ግን የሰማሁት ከፊቴ ነው፣ መሬት ከሌለበት በኩል።