የቁራኛ አደራ

«በሕግ አምላክ!»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሸዋ በር ገበያ መሐል። ለገሠ የሰውየውን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ ነው የጮኸው።

ሰውየው ቆመ። ማን የማይቆም አለ? በዚያች ቃል ተጠርቶ አንድ እርምጃ የተራመደ ሰው፣ ከጥፋቱ ይልቅ መራመዱ ያስቀጣዋል።

«በቅሎዬን ሰርቀሃል!»

«እኔ? የምን በቅሎ? ኧረ ሰው ተሳስተሃል ወንድሜ!»

አልተሳሳተም። በቅሎም አልጠፋችበትም። ለገሠ የበቅሎ ነጋዴ መስሎ ሐረር ከገባ አርባ ቀኑ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተላከ ሰላይ ነው። የምስጢር ስሙ «ወስፌ»። ነጠላው የተያዘው አሰፋ ደግሞ ሰው እያፈኑ ወደ ባሕር ማዶ ለሚሸጡ ወንበዴዎች መንገድ የሚመራ ነው።

ባሪያ መሸጥ መለወጥ በአዋጅ ከተከለከለ ሰባት ዓመት አልፎታል። ነፃ የወጡት ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዘዋል። ግን በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከነወረቀታቸው ጠፉ። የመጨረሻዋ ብርነሽ ናት፤ የለገሠን ልብስ የምታጥብለት ሴት።

ከመጥፋቷ በፊት ባለው ቀን «ጋሼ፣ የሚከተለኝ ሰው አለ» ብላው ነበር።

«ወረቀት አለሽ፣ ሕግ አለ። ምንም አትሆኚ፣ ግቢ ቤትሽ» አላት።

ገባች። በማግሥቱ በሯ ተሰብሮ ተገኘ። ያቺ «ምንም አትሆኚ» ያላት ነገር ለገሠን እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ዛሬ ከሰዓት ወደ ባሕር ይነዷታል። ዛሬ ካልደረሰላት ብርነሽ የለችም።

እንደ ደንቡ የመንገድ ዳኛ ተፈለገ። ሁለት ሰው ከተካሰሰ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ዳኛ ይሆናል፤ እምቢ ማለት የለም። የሚያልፉት አው ዐብዱልቃዲር ነበሩ፤ መጽሐፍ ጠራዡ ሽማግሌ። ብብታቸው ሥር ገና ቆዳ ያልለበሰ ቁርኣን ይዘዋል።

«አስተግፊሩላህ! ዛሬ ደግሞ እኔን አገኛችሁ?» አሉ። ለገሠን ትክ ብለው አዩት። «ትምላለህ?»

«እምላለሁ፣ አባቴ።»

«እውነት ከሆነ አላህ ይርዳህ። ውሸት ከሆነም አንተው ታውቃለህ።»

የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ወደ ዘበኞቹ ወሰዷቸው። ስማቸው ተጻፈ። የለገሠ ግራ እጅ ከአሰፋ ቀኝ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆለፈ። ችሎቱ ሰኞ ነው። እስከዚያ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ሲቆራኙ ቁራኛ ይባላል። ቁልፉ ዘበኞቹ ጋ ቀረ፤ እነሱ ግን ተቆራኝተው ወደፈለጉበት መሄድ ይችላሉ።

ሽማግሌው ሲለዩ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ቁራኛ አደራ ነው፣ ልጄ። ሰውየውን እንደ ወሰድከው ትመልሰዋለህ። አንድ ነገር ቢሆን የምትጠየቀው አንተ ነህ።»

«እሺ አባቴ።»

ዘዴው የ«ጥላ» ነበር። «ጥላ» የለገሠ አለቃ ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል የችሎት ጸሐፊ። ትናንት እንዲህ ብሎት ነበር፦ «አሰፋ ነገ ወንበዴዎቹ ዘንድ ካልሄደ ይገድሉታል። ስለዚህ ከነሰንሰለቱ ይዞህ ይሄዳል። እዚያ ሊያስገድልህ ያስባል። አይዞህ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዘበኛ ይዤ ከኋላህ ነኝ።»

እውነትም አሰፋ ወደ ፈላና በር ጎተተው። ከተማውን ለቀቁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«በሽማግሌ እንጨርሰው» አለ አሰፋ። «ዋጋዋን ልስጥህና ክሱን ተው።»

«በቅሎዬን።»

«ስማኝማ! እኔ ብዙ ኃጢአት አለብኝ። በቅሎ ግን ሰርቄ አላውቅም። እናቴ ትሙት!»

ለገሠን ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። «እናት አለችህ?»

«ለተማርያም ትባላለች፤ ሸዋ በር አጠገብ። ሌባ መባሌን ከሰማች አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀረው።»

ሰው መሸጥህን ስትሰማስ? ሊለው ነበር።

አሰፋ ከኪሱ የተቆላ ለውዝ አውጥቶ ግማሹን በለገሠ መዳፍ ላይ አፈሰሰለት። «ብላ። ርቦህ ብትሞት ሬሳህን የምጎትተው እኔ ነኝ።»

በሉ። ለገሠ አሁንም አሁንም ወደ ኋላ ያያል። አቧራ የለም። ዘበኛ የለም።

ድሬ ጠያራ ከምትባል መንደር ደረሱ። ከጫት ማሳ ጀርባ የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ ምንሽር ይዟል፣ አንዱ ጎራዴ ታጥቋል። ከቤቱ ውስጥ የሴት ሳል ይሰማል።

ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ወስፌ! ደህና መጣህ?»

ለገሠ ዞረ።

ያን ስም በሐረር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወልደ ጊዮርጊስ የበቅሎውን ልጓም ለቅቆ ወደ እነሱ መጣ። ነጭ ካባ ለብሷል።

«ዘበኞቹስ?» አለ ለገሠ።

«የምን ዘበኛ?» ሳቀ። «የነፃነት ወረቀቱን የሚጽፈው ማን ይመስልሃል? እኔ ነኝ። ቤታቸውን፣ ዘመድ እንዳላቸውና እንደሌላቸው አውቃለሁ። ጠያቂ የሌለውን እመርጣለሁ። አንተ ደግሞ አነፍንፈህ ልትደርስብኝ ተቃረብክ። ከተማ ውስጥ ብገድልህ ጣጣ አለው። ይኸው በገዛ መሐላህ ታስረህ መጣህልኝ። ሰንሰለት ያለበት ሰው አይሮጥም።»

«እርስዎ…» አለ ለገሠ። «አንተ! አንተ ከይሲ!»

አሰፋ ነገሩ አልገባውም። ወደ ወልደ ጊዮርጊስ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እንግዲህ እኔን ያስፈቱኝ…»

«አንተማ ዛሬ ጠዋት ስምህ ተጻፈ። የተከሰሰ ሰው አፉ ሰፊ ነው።» ወደ ባለ ምንሽሩ ዞረ። «ሁለቱንም!»

አፈሙዙ ተነሣ።

ለገሠ ሰንሰለቱን ጎተተ።

አላሰበበትም፤ እጁ ነው የጎተተው። አሰፋ ተንገዳግዶ ፊቱ መጣ። ጥይቱ የአሰፋን ደረት ቀደደው።

«እናቴን…» አለና ለገሠ ላይ ወደቀ። የሞቀ ደሙ አንገቱ ውስጥ ገባ።

ባለ ምንሽሩ ሁለተኛ ጥይት አቀባብሎ እስኪያነጣጥር ለገሠ ሬሳውን እየጎተተ ደረሰበት። የበቅሎ ነጋዴ የጭነት ወስፌ አይለየውም። ከገምባሌው መዞ ጉሮሮው ሥር ሰካው። ሰውየው አጓርቶ ተንበረከከ። ምንሽሩን ነጠቀው።

ጎራዴው ወረደ።

ለገሠ ግራ እጁን አነሣ። ሰንሰለቱ ግማሹን መከተ። ግማሹን ጣቶቹ መከቱት። ሦስቱ አቧራው ላይ ወደቁ። አልጮኸም፤ አፈሙዙን ሆዱ ላይ ደግኖ ቃታውን ሳበ። ባለ ጎራዴው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተደፋ።

ወልደ ጊዮርጊስ በሽጉጥ አንዴ ተኮሰ፤ ድንጋዩን መታ። ሰዎቹ መውደቃቸውን ሲያይ ወደ በቅሎው ሮጠ።

ለገሠ ምንሽሩን አቀባበለ። ባዶ!

ሊከተለው ተነሣ። ሰንሰለቱ መልሶ ጣለው። አሰፋ ከበደው። ክንድ በክንድ ሊጎትተው ታገለ፤ ከእጁ የሚፈሰው ደም አዳለጠው። ሰውየው ሊያመልጥ ነው። ካመለጠ ደግሞ የነፃነት ወረቀቱን ማኅተም ይዞ ነው።

የቤቱ በር ተከፈተ። ብርነሽ ደፉ ላይ በደረቷ ተስባ ወጣች። ሁለት እግሯ በእግር ብረት ተይዟል። ከኋላዋ ሰባት ሰዎች በጠፍር ተጠፍረዋል። እሷም መሮጥ አትችልም።

ድምፅ ግን አላት።

«በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ፣ ቁም!»

ወልደ ጊዮርጊስ አንድ እግሩ እርካብ ላይ ነበር።

ቆመ።

ሃያ ዓመት ችሎት ውሏል። ያቺ ቃል ስንቱን ስታስቆም አይቷል፤ ላልቆሙት ቅጣት የጻፈው እሱ ነው። እግሩ ከልቡ ቀድሞ ታዘዘ። ወዲያው ምን እንዳደረገ ገባው። «ወይኔ!» ብሎ ወደ ኮርቻው ተወረወረ። በቅሎዋ ግን ደንብራ ሄዳለች።

ጥሪውን ሰምቶ ያልወጣ ያገሩ ሰው ይቀጣል። አማርኛ የማያውቀው ገበሬ እንኳ ያቺን ቃል ያውቃታል። ከጫቱ ውስጥ ዶማና መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ወጡ። ወልደ ጊዮርጊስ ሽጉጡን ሲያነሣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ በዱላ ክንዱን አሉት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ ዱላው ዘነበበት። ጥርሱ ረገፈ።

«አትግደሉት!» ለገሠ ጮኸ። «አሥራ አንድ ሰው ሸጧል! እሱ ከሞተ የት እንዳሉ ማን ይናገራል?»

ዱላው ቆመ። ሽማግሌው ገበሬ ላባቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያው ይታሰር። ከሳሹ ማን ነው? ከማን ጋር እናቆራኘው?»

ለገሠ ከሬሳ ጋር ታስሯል።

ብርነሽ የእግር ብረቷ በመጥረቢያ ተሰብሮላት ነበር። ቁርጭምጭሚቷ ደም ነው። እያነከሰች ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«ከእኔ ጋር» አለች። «ከሳሹ እኔ ነኝ። ብርነሽ እባላለሁ።»

ነጠላዋን ከካባው ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ስትጎትተው ተከተላት። በፈላና በር ሲገቡ ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየ።

ሰኞ ችሎት ፊት ሁሉንም ተናገረች። ወልደ ጊዮርጊስ የደበቃቸው ወረቀቶች ከቤቱ ተገኙ። ከተሸጡት ከአሥራ አንዱ የሰባቱ መድረሻ ታወቀ። በችሎቱ መዝገብ ላይ የለገሠ ስም የለም፤ «አንድ መንገደኛ» ይላል። ስለ አሰፋም የጠየቀ የለም። ከአዲስ አበባ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ወደ ጨርጨር፣ በአዲስ ስም፣ ዛሬውኑ።

ለገሠ ሲወጣ ሸዋ በር አጠገብ አንድ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ማን ልበል?»

ስንት ስም ነበረው! አንዱም አልመጣለትም።

«እማማ ለተማርያም፣ ልጅዎ በቅሎ አልሰረቀም» አላቸው። «በሐሰት ነው የተከሰሰው።»

ዓይናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ግራ እጁ ላይ አረፈ። አንጓው ላይ የሰንሰለቱ ቁስል አልደረቀም።

«አንተ ነህ» አሉ። «አደራው አንተ ዘንድ ነበር። ልጄን ምን አደረግኸው? ስምህን ንገረኝ!»

ዞሮ መሄድ ጀመረ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ከኋላው።

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አህያ የሚነዳው ቆመ። እንጨት የተሸከመችው ከነሸክሟ ቆመች። ያ ሰው ሻጭ ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ በዚህች ቃል ቆሞ ነበር።

ለገሠ አልቆመም። ሰው ዞር ብሎ ማን እንደሆነ እስኪያይ፣ የከተማውን በር አልፎ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሏል።