ዋጋው የናረ ዕለት

ነጅሙዲን የሞተው ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ ባለው የሐላል ሥጋ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልባት ጠባብ ቢሮ፣ የጄኔሬተር ጭስ አፍኖት ነው። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ለቀስተኛው ፍርዱን ጨረሰ። «ለመብራት ሲሰስት ሞተ» አለ፣ የሟቹን ቤት ሩዝ እየጎረሰ።

ፖሊስም የራሱን ፍርድ ይዞ ነበር። ጄኔሬተሩን ማስነሳት የሟቹ ታናሽ ወንድም የካሊድ ሥራ ነው። ካሊድ በዲቪ ከወሎ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም። በዚያው ሳምንት ከወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ጉዳዩን ለያዘው ዲቴክቲቭ ይኼ ይበቃዋል፤ ዛሬ ሊያስረው መጥቷል።

ከዲቴክቲቩ ቀድማ የደረሰችው ግን የኢንሹራንስ ኩባንያው መርማሪ ፀደንያ ነበረች። ከቤድፎርድ ነው የመጣችው። ለዓመታት ውሸት ስትሰማ ስለኖረች ንቀት ፊቷ ላይ ቤት ሠርቷል፤ እሷም ልትደብቀው አትደክምም።

መጋዘኑን ዞር ዞር ብላ አየች። የመብራቱ ዋና ማጥፊያ፣ ብሬከሩ፣ ወርዷል። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ተገፍቶ ገብቶ ቢሮው በር ሥር ቆሟል። የፊቱ በር ከውስጥ፣ የጓሮው ከውጭ ተቆልፎ ነበር የተገኘው። ከሟቹ ሌላ የጓሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሟቹ ሚስት ዘይቱና፣ ካሊድና ኑዕማን።

ኑዕማን የመብራት ውል ደላላ ነው። እሱ ራሱን «ኢነርጂ ኮንሰልታንት» ይላል፤ ደላላ ካራቫት ሲያስር እንዲህ ይሆናል። በከተማው ያሉ ነጋዴዎቻችንን «መብራት በጅምላ ዋጋ ግዙ» እያለ ያስፈረመ እሱ ነው። የጅምላ ዋጋ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ሲረጋ ርካሽ ነው። ሙቀቱ በርትቶ ቴክሳስ በሙሉ ኤሲውን ሲለቅ ግን ጣሪያ ይነካል። ያኔ ነጋዴው ብሬከሩን አውርዶ ፍሪዘሩን በጄኔሬተር ያሠራል። ጄኔሬተሩንም የሸጠላቸውና እየመጣ የሚያድሰው ኑዕማን ነው፤ የነጅሙዲን የጓሮ ቁልፍ የተሰጠውም ለዚሁ ነው። በሽታውንም መድኃኒቱንም የሚሸጥ ሰው መቼም አይከስርም።

«ጠላት ነበረው?» ብላ ፀደንያ ዘይቱናን ጠየቀቻት።

«ማንም! ግን አንድ ሰው ነጋዴዎቹን ሲያታልል ደርሼበታለሁ አለኝ። ‹እስከ እሁድ ራሱ ይንገራቸው፣ ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬዋለሁ› አለ። ማነው ስለው፣ ሀሜት ይሆናል ብሎ ስሙን አልጠራም።»

ካሊድ ደግሞ እጁን አጣምሮ፣ መሬት መሬት እያየ መለሰላት።

«ፎርት ዎርዝ ሥጋ አድርሼ ስመለስ መንገድ ላይ ነበርሁ፤ ብቻዬን።»

«ከወንድምህ ጋር ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ጄኔሬተሩን እንሽጠው ብዬ ነው። ከእንግዲህ ምን ይሠራልናል? እሱ ግን ቦታው ባዶ ሆኖ ኑዕማን ካየ ይጠይቃል ብሎ እንቢ አለ።»

ፀደንያ ቀና አለች። «ይህን ለፖሊስ ተናግረሃል?»

«የለም እመቤቴ። ኑዕማን ‹አንተ ዝም በል፣ በእንግሊዝኛ እኔ አስረዳልሃለሁ› አለኝ። ማስረዳቱን እንጃ፤ ብዙ ግን ተናገረ።»

ኑዕማን ሽቶውን አስቀድሞ ገባ።

«ሲምፕል ነው ሲስተር። ያን ቀን ፕራይሱ በጣም ናረ። ካሊድ ፓኒክ አድርጎ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ ፀሐዩን ሸሽቶ ደግሞ ውስጥ አስገባው። ማለቴ፣ ልጁ ገና አዲስ ነው።»

«ነጅሙዲን የሚገዛው በጅምላ ዋጋ ስለሆነ?»

«ኦፍ ኮርስ! እኔ ነኝ እኮ ያስፈረምኩት። ቤስት ደንበኛዬ ነበር።»

ፀደንያ ከጫማው እስከ ካራቫቱ አየችውና ስልኳን አነሳች። ለሁለት ለሦስት ነጋዴዎች ደወለች።

ከዚያ ሁሉንም ፍሪዘሮቹ ፊት ሰበሰበቻቸው። ዲቴክቲቩ ካቴናውን ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ ካሊድ አጠገብ ቆመ።

«ይህን ያደረገው ሰው ብልጥ ነኝ ባይ ነው» አለች፣ ለዲቴክቲቩ በእንግሊዝኛ እየደገመች። «ዋጋው የሚንርበትን ሰዓት ጠበቀ። ሟቹ እንደተኛ በጓሮ ገባ፣ ብሬከሩን አወረደ፣ ጄኔሬተሩን በሩ ሥር አስነስቶ ቆልፎ ሄደ። ጎረቤት ድምፁን ሲሰማ ‹ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው› ብሎ ዝም አለ። ሟቹም ለዓመታት የፍሪዘር ሞተር እየጮኸበት የተኛ ሰው ነው፤ አልነቃም። ካሊድ፣ ጄኔሬተሩ ምን ይሠራልናል ያልከው ለምንድነው?»

ካሊድ ዘይቱናን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት።

«የጅምላውን ትተነዋል እኮ። ቢወጣም ቢወርድም የኛ ሂሳብ አንድ ነው።»

«ፊክስድ ሬት ነው» አለች ዘይቱና። «ካለፈው ወር ጀምሮ፣ በሌላ ብሮከር። ግድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ኑዕማን ወደ ዘይቱና ዞረ።

«ሶ» አለች ፀደንያ በኑዕማን አነጋገር። «ዋጋው ቢንር ለዚህ ቤት ደንታውም አልነበረም፤ ብሬከር የሚያወርድበት ምክንያት የለም። ይህን ዘይቱናም ካሊድም ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዱ ገዳይ ቢሆን ሌላ ዘዴ ይፈልግ ነበር። ቁልፍ ይዞ ይህን የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁን ዝም አሰኝቶ ለፖሊስ የከሰሰውም እሱ ነው። ነጋዴዎቹን አሁን ጠየቅኋቸው፤ ‹አማካሪያችን ነው፣ ከኛ አንድ ሳንቲም አይወስድም› አሉኝ። እንዲህ ያለ ደላላ ግን ከመብራት ሻጩ ጋር ተስማምቶ በየኪሎዋቱ ላይ የራሱን ድርሻ እንደሚጭን እኔ በሥራዬ አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም። ነጅሙዲን ደርሶበት እስከ እሁድ ጊዜ ሰጠው። ያን ዕለት የት እንደነበረ ደግሞ ስልኩ ለፖሊስ ይናገራል።»

«ለምን አልነገረኝም?» ብሎ ኑዕማን ጮኸ። «ኮንትራቱን ካንስል ሲያደርግ ለምን አልነገረኝም? ቢነግረኝ ኖሮ እኮ…»

እዚያ ላይ አፉን ያዘ። ፀደንያ ያለውን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ለዲቴክቲቩ ተረጎመችለት።

«አፍሮብህ ነው» አለች ዘይቱና። «ከሠርጋችን ጀምሮ ቤታችን ስትበላ የኖርክ ሰው ነህ። ‹ሌላ ሰው ጋ መሄዴን ሲሰማ ይከፋዋል፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ› አለ። ሌብነትህን ፊት ለፊት ነግሮህ፣ ይቺን ለመንገር ግን ይሉኝታ ያዘው። አንተ ግን እሱ ተኝቶ እያለ እንኳ አላፈርክለትም።»

ዲቴክቲቩ ኑዕማንን በካቴና አስሮ ይዞት ወጣ።

ካሊድ እሱን ሊያስር የሚመጣ እንደሌለ የገባው ቆይቶ ነው። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ተጠርጣሪ ሆኖ ከረመ እንጂ ሐዘንተኛ የሚሆንበት ጊዜ አላገኘም። ፍሪዘሩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ።