ሦስት ሚሊ

«እኔ የምፈልገው ማርሹ ሲገባ ወንበሩ ላይ ልጥፍ የሚያደርግ ነገር ነው» አለ አጎቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ልጅቷ ቀና ብላ አላየችውም። ሞርሳው ላይ ያሰረችው ስስ ብረት እንዳይንሸራተት እያጠበቀች ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ስለሆነችና አንዴ ካመረረች ስለማትፈታ ጋራዡ ውስጥ «ብሎን» ይሏታል። ጋራዡ የእናቷ ነው። በአካባቢው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያስቸገረው ሰው ሁሉ የሚመጣው እናቷ ዘንድ ነው።

አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ዘመድ ሁሉ «ፓይለቱ» ይለዋል፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል። መኪናው ብሎንን በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ከኋላዋ ግን የአውሮፕላን ክንፍ የሚያህል ነገር አስለጥፎባታል። አሁን ደግሞ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ሳያመነታ ጠበቅ ብሎ እንዲገባለት፣ ጠንካራ ሞላዎችና አንድ ገጽ መመሪያ ያለበት ፓኬት ገዝቶ መጥቷል።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ሞላዎቹን መቀየር፣ ከዚያ ዘይት በሚያልፍበት ስስ ብረት ላይ ሁለት ቀዳዳዎችን ሰፋ ማድረግ ነው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል፣ ማርሹም ጠንክሮ ይገባል። ከልክ በላይ ከሰፋ ግን ይመታል፤ ሲመታ የከረመ ካምቢዮ ደግሞ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። እናቷ ዘይት እንዳያፈስ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ልትገዛ ስትወጣ «ሦስት ሚሊ፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም» ብላት ነው የሄደችው።

አጎቷ ማውራቱን አላቆመም። ስለ ካምቢዮ ያስተምራት ገባ። ዘይቱ ለማቀዝቀዣ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። ብሎን ልታርመው አልሞከረችም፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ቃል ማውጣት ትርፉ ድካም ነው። መብሻ ትራፓኖውን ስታነሳ ከትከሻዋ በላይ አጎነበሰ።

«ቀስ በይ እንጂ። የሴት ልጅ እጅ እኮ ይንቀጠቀጣል።»

መኪናውን ለገዛ እህቱ ሰጥቶ እያሠራ እንዲህ የሚል ሰው ምን ይባላል? ብሎን ትራፓኖውን መልሳ አስቀመጠች። የሦስት ሚሊዋን ፑንታ ፈትታ የአራት ተኩሏን አሰረች። ምስህን ታገኛለህ፣ አለች በልቧ። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

እናቷ ተመልሳ ሁሉንም መግጠም ስትጀምር «ሦስት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሦስት ነው» አለች ብሎን።

እናቷ አልለካችም። የልጇን ሥራ ለክታ አታውቅም።

ሊሞክሯት ሲወጡ መኪናዋ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትገባ በእርግጫ የተመታች ያህል ዘለለች። የአጎቷ ራስ ወደ ኋላ ተወረወረ። ብሎን ከኋላ ወንበር ሆና ፊቱ ሲጠቁር ልታይ በመስታወቱ ጠበቀች። እሱ ግን ፈነደቀ። ጉልበት ማለት ይሄ ነው እያለ መሪውን በጥፊ መታው። ግጭትን ጉልበት ብሎ የሚጠራ ሰው ምን ቢያደርጉት ይገባዋል? ብሎን በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ የአንገቱን አወራወር እያሳየች አሳቀቻት፤ ሁለቱም ሳምንቱን ሙሉ በእሱ ሲስቁ ከረሙ። እናቷ ግን ያን ቀን ከመኪናው ወርዳ የሞላዎቹን መመሪያ እንደገና ማንበብ ጀመረች።

እሑድ ፓይለቱ አያቷን ይዞ ለምሳ መጣ። አያቷ አንገታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነበር የገቡት። «መኪናህ በሬ ናት እንዴ፣ ትዋጋለች» አሉት። እሱ ከት ብሎ ሳቀና አፉን ሞልቶ እየጎረሰ መለሰላቸው።

«እኔስ ወድጄዋለሁ። ግን እህቴ አርጅታለች መሰለኝ፤ እጇ እንደ ድሮው አይደለም።»

አያቷም ፈገግ አሉ። እናቷ አልሳቀችም። ሳምንቱን ሙሉ መመሪያውን ደጋግማ ብታነብም የት ላይ እንደሳተች ማወቅ እንዳቃታት ነገረቻቸው። ትናንት አንድ ታክሲ ነጂ ካምቢዮ ሊያስከፍት መጥቶ ወደ ሌላ መካኒክ እንደላከችው ጨመረች።

«ስህተቴን ሳላገኝ የሰው ንብረት አልከፍትም» አለች፣ ሳህኗን እያየች።

ብሎን ልትጎርስ የጠቀለለችውን መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠች። አጎቷን አየችው። አሁንም ትንቀዋለች፤ የማያውቀውን ይቀባጥራል። እሷ ግን እያወቀች ነው «ሦስት ነው» ያለችው። በኋላ ሳህን ሲያጥቡ ለእናቷ ብቻ ብትነግራት ይቀላል። እዚህ ከተናገረች ፓይለቱ ይህን ወሬ በየዘመድ ቤቱ አሥር ዓመት ያነሳዋል። ቢሆንም እናቷ «አርጅታለች» የተባለችው እዚህ ገበታ ላይ ነው፣ አያቷም የሰሙት እዚሁ ነው።

«እማዬ» አለች። «አንቺ አልተሳሳትሽም። አራት ተኩል አድርጌ የበሳሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።»

አጎቷ ማኘኩን አቆመ። ከሁሉም ቀድሞ አፉን የሚከፍተው እሱ እንደሚሆን ታውቃለች። ዓይኗን ከእናቷ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች።