«ለቅሶው አብቅቷል» ይበሉ

ጨረቃ ላይ ለቅሶ የሚቀመጡት ዋሻ ውስጥ ነው። ዝናብ የለ፣ ንፋስ የለ፤ ድንኳን ለምኑ? ደረት ግን እንደ አገር ቤቱ ይመታል። በዚህ ሳቢያ የበረዶ ቆፋሪዎቹ መንደር የመጀመሪያ ለቅሶ መሳለቂያ ሆኖ ቀረ። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ የሚለጥፈው «ዘብ» የሚሉት ስስ መሣሪያ አለ፤ ልብን ያዳምጣል፣ ምቱ ሲዛባ በኤሌክትሪክ ያስተካክላል። የዚያን ዕለት የደረት ምቱ አደጋ መስሎት የሁሉም ዘብ ባንድ ጊዜ ጮኸ።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ደግሞ ብሎ ብሎ ማሽን ሐዘናችንን ይቁረጥብን?» አሉ። ስለዚህ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ዘቡ ምንም ቢሰማ ዝም እንዲል፣ ኤሌክትሪኩንም እንዳይለቅ ታዘዘ። ዝምታው የሚነሳው የሟች የቅርብ ዘመድ «ለቅሶው አብቅቷል» ሲል ነው፤ ያውም ዘቡ በተናጋሪው ደረት ላይ ባለው ዘብ በኩል ልቡን አዳምጦ ካመነ። አንድ ኃላፊ ሠራተኞቹን ቶሎ ወደ ጉድጓድ ለመመለስ ሲል የሟችን ሚስት አስገድዶ አስዋሽቷታልና፣ ይህን ቢጨምሩ አይፈረድባቸውም።

ዛሬ የሚለቀስለት ሻረው ነው። ጠዋት ገመድ ተበጥሶ የበረዶ ቋጥኝ ወደቀበት። ጨረቃ ላይ ቋጥኝ ለማንሳት ይቀላል እንጂ ሲመታ አይምርም። ያው ቋጥኝ የባልንጀራውን የማንደፍሮን ደረት ገጭቶ አለፈ። ማንደፍሮ ግን «እኔ ምን ሆንኩ? እሱን አንሱልኝ!» ብሎ ሬሳውን ተሸክሞ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ደረቱን እየመታ ያለቅሳል።

የመንደሩ ሐኪም ትርንጎ ስለ ግጭቱ የሰማችው ለቅሶው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ክው አለች። የተቀጠቀጠ ልብ አንዳንዴ ውሎ አድሮ እንደሚከዳ ታውቃለች። ተነስታ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ማንደፍሮ፣ ተነስ ልመርምርህ።»

«ተይኝ ዶክተር። የወንድሜን ለቅሶ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል! ላብህን አታየውም እንዴ?»

የእጁን አንጓ ያዘች። ምቱ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል። ዘቡ ይህን ሁሉ እየሰማ ሐዘን ነው ብሎ ዝም ብሏል። ትርንጎ ሰው ልትጠራ ቀና ስትል ማንደፍሮ ተዘረረ።

ደረቱን በሁለት እጇ እየተጫነች ወደ ሻረው እናት ጮኸች።

«እማማ ውዴ! ልቡ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም። ሕክምና ክፍሉ ሩቅ ነው፣ አንደርስም። ዘቡ ብቻ ነው የሚያድነው። ለቅሶው አብቅቷል ይበሉ!»

«ልጄ ሳይቀበር?»

«በሞቴ፣ ይበሉ!»

እማማ ውዴ «ለቅሶው አብቅቷል» አሉ።

የማንደፍሮ ዘብ በለሰለሰ ድምፅ መለሰ፤ «ልብዎ ያለቅሳል። አልተቀበልኩም።»

«ምናባቱ! ይሄ ልብ የሌለው!» አለ ከለቀስተኛው አንዱ። ግን ማንን ይውቀሱ? ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። የትርንጎ ክንድ እየዛለ ነው፤ የማንደፍሮ ከንፈር ጠቁሯል።

እማማ ውዴ እየዳሁ መጡና ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ባዘቀዘቁት ነጠላ ላቡን ጠረጉለት። «ና እንጂ። ና የኔ ጌታ፣ ዓይንህን ግለጥ። ተንፍስ፣ እስቲ ተንፍስልኝ» እያሉ ጉንጩን ይዳብሳሉ። እንባቸው ቆመ። ዓይናቸው ከአፍንጫውና ከከንፈሩ አልነቀል አለ።

«አብቅቷል» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

የማንደፍሮ ገላ በዘቡ ኤሌክትሪክ ተስፈነጠረ። ትርንጎ አንገቱን ዳሰሰች። አንድ ምት፤ ቆይቶ ሌላ፤ ከዚያ ተከታተለ። ማንደፍሮ አቃሰተ። ትርንጎ ሐኪምነቷን ረስታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ወንዶቹ በቃሬዛ ሲያነሱት እማማ ውዴ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ትርንጎ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እማማ፣ ነፍስ አተረፉ እኮ! ግን ማሽኑን እንዴት አድርገው አታለሉት?»

«ምኑን አታለልኩት ልጄ» አሉ እማማ ውዴ፣ ባዶ ጭናቸውን እያዩ። «ያ ልጅ ሲተነፍስ ልይ ብዬ ስንሰፈሰፍ ሻረውን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ጭልጥ አድርጌ ረሳሁት። ዛሬ ጠዋት የሞተብኝን ልጅ!»



«እስቲ ደግፊኝ» አሉ እማማ ውዴ እጃቸውን እየዘረጉላት። «ሬሳው ጋ አድርሽኝ፤ ልጄን ይቅርታ ልጠይቀው።»