ጥቁር አፈርና የሩሃማ አባት

በ2020 ማርች ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በሯን ስትዘጋ፣ ሽማግሌዎቹ ምእመናኑን በስም ዝርዝር ከፋፍለው በየሳምንቱ በስልክ የምንጠይቅ ሰዎችን መደቡ። ለእኔ አሥራ ሁለት ስም ደረሰኝ። መስበክ አልችልም፣ ትምህርቴም ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ማዳመጥ ግን አይከብደኝም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ተቀምጬ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ብዙው ሰው “ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን” ይልና ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። የልቡን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛው ስም ደጀን ነበር፣ አምስተኛው ጋሼ ፍሥሐ።

ደጀን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ካናል ዊንቸስተር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቤቱ ጋሃና የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ባለቤቱ ስመኝ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በኮቪድ አረፈች። ቀብሯ ላይ አሥር ሰው ብቻ ነበርን፣ ያውም ተራርቀን ቆመን። ልጃቸው ዮፍታሔ ቺካጎ ነው የሚሠራው። እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ሁለት ሦስት ቃል በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ከጥሪዎቼ ሁሉ ረጅሙ የደጀን ነበር።

ጋሼ ፍሥሐ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ ባለ የአረጋውያን አፓርታማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሩሃማ መዘምራን ውስጥ ስላለች ሰው ሁሉ “የሩሃማ አባት” ነው የሚላቸው፤ የራሳቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። በስልክ ቀስ በቀስ እንደተረዳሁት፣ አገር ቤት ሃያ ሰባት ዓመት አፈር ሲያጠኑ ኖረዋል። ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ይህ ቦታ ምን ያበቅላል፣ ያኛው ለምን አይሆንም እያሉ ካርታ ይሠሩ ነበር። አንድ ማክሰኞ፣ “ዛሬ በመስኮቴ ትይዩ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፍሩ አየሁ። ላዩ ጥቁር ነው፣ ሥሩ ግራጫ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ነው” አሉኝ። “ጥሩ ነው ጋሼ” አልኳቸው። ሰላም እደር ብለውኝ ዘጉ።

ሴፕቴምበር ላይ ደጀን ምሥጢር ነገረኝ። ከካናል ዊንቸስተር አልፎ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተነድቶ አሥራ አንድ ኤከር የእርሻ መሬት አግኝቷል። ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ሊያመርት፣ ቀጥሎ ትንሽ ቤት ሊሠራበት ነው። ዮፍታሔ ሲያገባ ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ይኖረዋል አለኝ። ይህን ሲናገር ስመኝ ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሞቅ አለ።

“አፈሩን ብታየው ግርማቸው፣ እንደ ከሰል ጥቁር ነው።”

“የሚያውቅ ሰው አይቶልሃል?” አልኩት።

“ኧረ ለማንም እንዳታነሣ። ቤት ስገዛ አስቀድሜ ተናግሬ ስንት እንደተወራ ታውቃለህ። ይሄ የጸሎት ርዕስ ነው እንጂ የወሬ ርዕስ አይደለም።”

ሳቅሁ። አብረን ጸለይንና ዘጋን። ቀጥዬ ወደ ጋሼ ፍሥሐ ደወልኩ። ደህና ነዎት አልኳቸው፤ ደህና ነኝ አሉኝ። ስለ መሬቱ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ያን ጊዜ ምሥጢር መጠበቄን እንደ በጎ ሥራ ነበር የምቆጥረው።

ደጀን መሬቱን ያየው ኦገስት ላይ ነው፤ ዝናብ ጠፍቶ መሬቱ ሲረገጥ እንደ አስፋልት የሚጠነክርበት ጊዜ። ኦክቶበር ላይ ፈረመ። በወሩ መጨረሻ አርባ ረድፍ ነጭ ሽንኩርት በእጁ ተከለ፣ ብቻውን። ማዶ ያሉት አዛውንት ገበሬ በትራክተር ሲያልፉ ሦስት ጊዜ እጃቸውን አውለብልበውለታል። እሱም አውለብልቦ ጎንበስ ይላል። ምን ልትሠራ ነው ብለው እንዳይጠይቁት ፈርቶ ነው።

ማርች ላይ በረዶው ሲቀልጥ የታችኛው ማሳ በሙሉ ውሃ ተኛበት። ኤፕሪል አልፎም ውሃው አልሄደም። ሜይ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ሲነቅለው እጁ ላይ እየሟሸሸ ይሸታል። ይህንንም ለእኔ ብቻ ነገረኝ፣ እንደገና ለማንም እንዳልናገር አስምሎ።

ከዚያ የሚያስደነግጠው መጣ። የጋሃናውን ቤት ሊሸጥ ነው። በዚያ ዓመት ቤት እንደ ትኩስ ዳቦ ነበር የሚሸጠው፤ በሁለት ቀን አምስት ገዢ ዋጋ አቀረበለት። በገንዘቡ ጥሩ አፈር በገልባጭ መኪና አስጭኖ ማሳው ላይ ሊደፋ፣ እሱ ደግሞ እዚያው በመኪና በሚጎተት ተሽከርካሪ ቤት ሊኖር ነው። ፊርማው ዓርብ ነው። ስመኝ የኖረችበት ቤት ነው የሚሸጠው። አፈሩም ከከዳው፣ ልጁ የሚመጣበት ደጃፍ የትም አይኖረውም።

“ደጀን፣ ፍቀድልኝና ለአንድ ሰው ልንገር” አልኩት። “የሩሃማ አባት ዕድሜ ልካቸውን አፈር ያጠኑ ናቸው።”

“የሩሃማ አባት? እኚህ ዝም ብለው ከኋላ የሚቀመጡት?” ቀጠለና፣ “ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ስመኝ ስትሞት የታዘነልኝ ይበቃኛል” አለ።

“ላንተ እንዲያዝኑልህ አይደለም። መሬቱን እንዲያዩት ነው።”

“እንደፈለግህ አድርግ” አለኝ።

ጋሼ ፍሥሐን ስነግራቸው ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ መቼ እንደምንሄድ። ሐሙስ ጠዋት ኮትና ክራቫት አድርገው፣ የወጥ ቤት ቢላዋና የውሃ ጠርሙስ በፌስታል ይዘው በር ላይ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሁላችንም ተከትበን ስለነበር በእኔ መኪና ሄድን። ደጀን መንገዱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ማሳው ላይ እንደደረስን ጋሼ ፍሥሐ አፈሩን አልነኩም። መጀመሪያ ሣሩን አዩ። “ይህ የቄጤማ ዘመድ ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አይመቸውም” አሉ። ከዚያ ደጀንን አካፋ አስያዙትና አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች አስቆፈሩት። ላዩ እውነትም እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ከሥሩ ግን ግራጫ ሆነ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት። ጉድጓዱ ግርጌ ውሃ ቀስ ብሎ መጠራቀም ጀመረ። ጋሼ ፍሥሐ በክራቫታቸው ተንበርክከው ከግራጫው አፈር በቢላዋ ቆረጡ፣ በውሃ አርሰው በጣታቸው አሹት።

“ግራጫው አየር ያጣ አፈር ነው። ነጠብጣቡ ውሃው ሲሸሽ የተፈጠረ ዝገት ነው። በየዓመቱ ውሃው እዚህ ድረስ ይወጣል ማለት ነው።”

“ጥቁር ነው እኮ ጋሼ” አለ ደጀን።

“ጥቁር ያደረገውም ውሃው ነው፤ ሣሩ ረጥቦ እየኖረ በደንብ ሳይበሰብስ ቀረ። አዲስ አፈር ብትደፋበት አዲሱም አብሮ ይጠጣል።”

ከዚያ አጥሩን ታከው ወደ አዛውንቱ ገበሬ ሄዱ። በሰባራ እንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁና የሃያ ደቂቃ መልስ ይዘው ተመለሱ። ከማሳው ሥር ድሮ የተቀበረ ውሃ ማስወገጃ የሸክላ ቱቦ አለ፤ ከተደረመሰ ዓመታት ሆኖታል፤ ሰውዬው ለአዲሱ ጎረቤት ሊነግሩት ሦስት ጊዜ ፍጥነት ቀንሰው ነበር።

ከፍ ባለው በኩል እንደገና አስቆፈሩት። ይህኛው እስከ ታች ድረስ ቡናማ ነበር፣ ሲጨብጡት የሚፈረፈር። “ሁለት ኤከር ተኩል ያህል ደህና አፈር አለህ። ነጭ ሽንኩርትህ እዚህ ይሁን። የታችኛውን ለድርቆሽ ተወው” አሉት።

ደጀን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። “ቤቱን ልሽጥ ወይስ አልሽጥ?”

“የቤት ነገር አላውቅም ልጄ። ለዚህ አፈር ብለህ ከሆነ ግን አትሽጥ።”

ደጀን ስልኩ ሲግናል እስኪያገኝ ወደ ላይ ወጣና ቤቱን ለሚሸጥለት ወኪል ደውሎ የዓርቡ ፊርማ እንዲቀር ነገረው። ሲመለስ ፊቱ ረጥቦ ነበር፤ እኛም ላብ ነው ብለን አሳለፍነው።

ስንመለስ ደጀን ከኋላ ወንበር፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ሲቆፍሩ የት የት ደርሰዋል?” ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ ፍሥሐ ጀመሩ። አዋሽን ተናገሩ፣ ወለጋን ተናገሩ፣ በቅሏቸውን ከነካርታው ስለወሰደ ወንዝ ነግረውን አሳቁን። ክሊቭላንድ አቬኑ ደርሰን መኪናውን አቁሜ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላም አላቋረጡም፣ እኛም አላቋረጥናቸውም። በመጨረሻ ጫማቸውን አይተው፣ “ይህን ጭቃ ሩሃማ እንዳታይብኝ” አሉ። በሩን ከፍተው ግን አልወረዱም።

“ደጀን፣ መሬት በደንብ የሚታየው በማርች ነው። ያኔ መምጣት እችላለሁ?”

“ከነገ ጀምሮ ይምጡ ጋሼ” አለ ደጀን።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ ገጠር መሬት እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደ ደጀን ደብቃችሁ ነውና ስማችሁን አልጠራም። መሬትን በበጋ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ቀለሙን ከላይ አታድንቁ፣ ቆፍሩ። የአካባቢው ገበሬ እጁን ሲያውለበልብ ቆማችሁ አነጋግሩት። የየካውንቲው፣ ማለትም የየወረዳው፣ የአፈር ካርታ በመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ እንደሚገኝ ጋሼ ፍሥሐ ነግረውናል፤ ልጆቻችሁን አስከፍቷቸው። ምክር መጠየቅ ወሬ መንዛት አይደለም።

እንደ እኔ አዳማጭ ለሆናችሁ ደግሞ ሌላ የምላችሁ አለ። ምሥጢር መጠበቅ ጥሩ ነው፤ “የሚያውቅ ሰው አለ፣ ፍቀድልኝና ላገናኝህ” ማለት ግን ምሥጢር ማውጣት አይደለም። እኔ ይህን አንድ ቃል ስላልተናገርኩ፣ ጠያቂ ያጣ ዐዋቂና ዐዋቂ ያጣ ሰው ስምንት ወር ሙሉ በየማክሰኞው በእኔ ስልክ ጎን ለጎን ብቻቸውን ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እናንተ ግን ስምንት ወር አትጠብቁ።