ጥቁር የተነከረው ሰደፍ

ጠመንጃው በቦታው ተሰቅሏል። ሰደፉ ግን የለም።

ምክትል ሸሪፍ ኮርዴሊያ ብሪግስ እንዲህ ያለ ስርቆት አይታ አታውቅም። በዚህች የአይዳሆ ሐይቅ ዳር ከተማ ጠመንጃ የማይወድ የለም። ይሄኛው ሌባ ግን ብሎኑን ፈትቶ የፕላስቲክ ሰደፉን ብቻ ይዞ ሄዷል።

"ሚስቴ ጁዲት ናት ቀለም የነከረችው" አሉ የጠመንጃው ባለቤት ሽማግሌው ኦርቪል። "ነጩን ሰደፍ ገዝተን፣ እዚሁ ምድጃ ላይ፣ በፈላ የልብስ ቀለም። ከጀልባዬ ጋር ላመሳስለው ብላ ጀምራ የሐይቁን ቀለም ራሱን አወጣችው። ብዙም ሳትቆይ ሞተችብኝ። ልጄ፣ ከፈለገ ሌባው ጠመንጃውንም ይውሰደው፤ ሰደፉን ብቻ አምጪልኝ።"

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጎረቤቱ ካርል ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሰማያዊ ሰደፍ ተገኘ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ራሴ ነከርኩት!"

"ማን አየህ?"

"እኔ ነኛ!" አለች ሚስቱ ብቅ ብላ። "በፓስታ ድስቴ ነው የነከረው። ሰማያዊ ፓስታ ስንበላ ከረምን። እባክሽ እሰሪልኝ!"

ኮርዴሊያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሰደፉን ለኦርቪል ወሰደችላቸው። ገና ከሩቅ አይተው "አይደለም" አሉ።

ቅዳሜ የተኩስ ክበቡ ሲሰበሰብ ሄደች። እዚያ ያልነከረ የለም። አንዱ ሰደፉን ከሞተር ሳይክሉ፣ ሌላዋ ከቡትስ ጫማዋ ጋር አመሳስላለች። በዚያ ሁሉ ብርቱካናማና ሐምራዊ መሀል አንድ ጥቁር ሰደፍ ነበር፤ የጁዲት ወንድም የድዋይት። ጥቁርስ በየሱቁ ሞልቷል። የድዋይት ጥፍሮች ግን ዙሪያቸውን ጠቁረዋል።

"ድዋይት፣ ጥቁሩ ተሠርቶ እየተሸጠ አንተን ምን አስነከረህ?"

"ደስ አለኝ፣ ነከርኩ። ክልክል ነው?"

"አይደለም። ትከሻ ላይ የሚያርፈውን የጀርባውን ጎማ ፍታልኝ እስቲ።"

ድዋይት ጠመንጃውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ተቀብላው ራሷ ፈታችው።

ነካሪ ሁሉ መጀመሪያ ጎማውን ይፈታል። ድዋይት ግን ቸኩሎ እንዳለ ነበር የዘፈቀው። ከጎማው ሥር አውራ ጣት የምታክል ቦታ ጥቁሩ አልደረሰባትም።

ኮርዴሊያ አፏን ከፍታ ቀረች። አረንጓዴ ነው ስትል ሰማያዊ ይሆናል፤ ዘንበል ስታደርገው ደግሞ ከሥሩ ብርሃን የሚወጣ ይመስላል። እዚሁ ሐይቅ ዳር ተወልዳ አድጋ፣ ሐይቁን ዛሬ ገና ያየችው መሰላት። ይሄ ከማብሰያ ድስት ወጣ ብሎ ማመን አቃታት።

"ቀለሙን ላገኘው ፈልጌ ነው" አለ ድዋይት። "እህቴ አሠራሩን ሳታሳየኝ ሞተች። ስንት ሰደፍ አበላሸሁ መሰለሽ! አጠገቤ ሆኖ ካየሁት ይሳካልኛል ብዬ ወሰድኩት። አልሆነም። ከዚያ አንቺ በየቤቱ ስትዞሪ ፈራሁና በጥቁር ደፈንኩት።"

እጁን አሰረችው። የተደወለላቸው ኦርቪል እየተጣደፉ ደረሱ። ጥቁሩን ሰደፍ ሲያዩ ወደ ድዋይት ዞሩ።

"የእህትህን የእጅ ሥራ ደፈንከው? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ!"

ኮርዴሊያ ያቺን ያልጠቆረች ጥግ አዙራ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐዘኑም ቁጣውም ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

"አለች" አሉ በሹክሹክታ። "ይኸው፣ እዚህ አለች።"

ከዚያ እጁ የታሰረውን ሰውዬ ክንዱን ይዘው ወደ ሰደፉ ሳቡት።

"ና፣ አንተም እያት። ቶሎ በል፤ ፀሐይ ሳያደበዝዛት ጎማውን መልሰን እንዝጋው።"