የግራ እጁ እጀታ

አሰልጣኙ በድምፅ ማጉያው እየጮኸ ተመልካቹን ከገደሉ አፍ ሲያባርር፣ ከታች ከድንጋዩ መሀል ተወዳዳሪው «ፍሬን የለሽ» ሕይወቱ አልፎ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን መንካት ስለማይወድ ነው ስሙ የወጣለት። በተራራ ብስክሌት የሚስተካከለው አልነበረም። አሁን በግራ እጁ አንድ ነገር ጨብጦ ቀርቷል፤ የመሪውን የጎማ እጀታ። ብስክሌቱ ግን አሥር እርምጃ ርቆ ወድቋል።

ሽማግሌው መርማሪ ተንበርክኮ እጀታውን አሸተተ። ዘይት ነው። ወደ ብስክሌቱ ሄዶ የመሪውን ባዶ ብረት በጣቱ ጠረገ። እዚያም ዘይት። እጀታውን ብረቱ ላይ ሲያጠልቀው እንደ ሰፋ ጫማ ላላ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ አሰልጣኙ ከበላዩ ቆሞ። «መካኒኳ ትናንት ከሰዓት አዲስ እጀታ አስገባችለት፣ በዘይት እጇ! ቁልቁለቱ መሀል ሾልኮ ወጣ። ቸልተኝነት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?»

መርማሪው ተነሳና እጁን ዘረጋለት። የዚህ ሰው ልማዱ ነው፤ ማንንም ከመጠየቁ በፊት ይጨብጣል፣ ከጨበጠም ቶሎ አይለቅም። አሰልጣኙ ማጉያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቀኝ እጁን ሰጠና ወዲያው ሰበሰበው። መዳፉ ላይ አዲስ ቁስል ነበር።

መካኒኳን ያሰሯት እዚያው ወርክሾፗ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። መፍቻዎቿ ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠናቸው ተሰቅለዋል። ጠረጴዛዋ ላይ የፖሊስ አዛዡ ያስቀመጠው ወረቀት አለ፤ «በቸልተኝነቴ የሰው ሕይወት መጥፋቱን አምናለሁ» ይላል። እስከ አሥር ሰዓት እንድትፈርም ተነግሯታል። ከፈረመች ወህኒ ትወርዳለች፣ ከአባቷ የወረሰችው ወርክሾፕም ይዘጋል።

«ፈርሚና ይቅለልሽ ብለውኛል» አለች፣ መርማሪው ገና ሳይቀመጥ። «አልፈርምም! ይቺን እጄን ይቁረጧት እንጂ ባልሠራሁት ሥራ ላይ ስሜን አላሰፍርም። ለዚሁ ከመጡ አይድከሙ፣ ጋሼ።»

«እኔስ እጀታ እንዴት እንደሚመረጥ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

በጥርጣሬ አየችው። የዘረጋላትን እጅ ግን እንደ ሰላምታ አልተቀበለችውም፤ ገልብጣ መዳፉን በስንዝሯ ለካችው።

«ሰው ያማረውን ቀለም ይመርጣል። ስህተት ነው። እጀታ ዓይን ጨፍነው ነው የሚመርጡት። የእርስዎ እጅ ትልቅ ነው፤ ቀጭን ቢይዙ ጣትዎ መዳፍዎን ይቧጥጠዋል፣ በሩብ ሰዓት ክንድዎ ይዝላል። ለትንሽ እጅ ደግሞ ወፍራም ከሰጡት ጣቱ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ለስላሳው ንዝረት ይውጣል፤ ሲበዛ ግን መንገዱ አይሰማም።»

«ስታስገቢውስ?»

«በአልኮል! ያንሸራትትልኛል፣ ከዚያ ተኖ ይደርቃል፣ ጎማው ብረቱን ነክሶ ይይዛል። ዘይት የነካ ሠራተኛ አባቴ ፊት አይቆምም ነበር።»

«የሱ ግራ እጅ ምን ሆኖ ነበር?» አለ መርማሪው ድንገት።

ፊቷን ወደ መፍቻዎቿ አዞረች።

«ጓንቱን አይቼዋለሁ። አመልካችና መሀል ጣቱ ያለበት አልቋል፤ በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ በኩል ያለው ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው።»

«ለማንም ላልናገር ምዬለታለሁ።»

«እሱ ሞቷል፣ ልጄ። ገዳዩ ግን አለ።»

ገዳይ የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ማንም አላነሳላትም ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ሁለቱ ጣቶቹ ደንዝዘው ነበር» አለች። «አሰልጣኙ ካወቀ ከቡድኑ ያስወጣኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሰፋ ያለ እጀታ መረጥኩና ከሥሩ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪ፣ ቁራጭ ጠቀለልኩለት፤ በሁለቱ ጣቶች በኩል ወፈር እንዲል፣ ከውጭ ደግሞ እንዳይታይ። ሰው ሆን ብሎ ካልነቀለው በራሱ አይወጣም።»

«መሪው ላይ ካላማዳሪ የለም። ባዶ ብረት ነው።»

«ምን አሉ?» ብድግ አለች። «ብስክሌቱን አሳዩኝ እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ የጮህኩት ለዚህ ነው! እነሱ ግን ወይ ፍንክች! የት ሄደ ታዲያ?»

«ትራፊው አለሽ?»

መሳቢያዋን ከፍታ የተቆረጠ ካላማዳሪ አወጣች። ጫፉ ላይ ድሮ ቀዳዳ የተለጠፈበት ቀይ ልጥፍ ነበር፤ ቢላዋዋ ልጥፉን መሀል ለመሀል ከፍሎታል። መርማሪው ትራፊውን መልሶ ሰጣትና እጇ ላይ እንድታቆየው ነገራት።

የቡድኑ ብስክሌቶች በሚያድሩበት ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ የሟቹ የቡድን ጓደኛ፣ «ሁሌ ሁለተኛ» የሚሉት፣ ጭቃ የለበሰ ብስክሌቱን ታቅፎ ተቀምጧል።

«ገዳይ ከፈለጉ እኔ አለሁ» አለ እንባውን ሳይጠርግ። «አሥራ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ አንደኛ ሆንኩ። ደስ ያለኝ ይመስልዎታል? መንዳት የለመድኩት የሱን ጀርባ እያየሁ ነው!»

«ጠዋት እዚህ ማን ገባ?»

«ቁልፉ ያለው መካኒኳና አሰልጣኙ ጋ ነው። አሰልጣኙ ከፈተልኝ። ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ።»

«እጁን ምን ቆረጠው?»

«የድምፅ ማጉያው መያዣ፤ ተሰንጥቋል። ትናንት ልምምድ ላይ ቆርጦት ሲራገም ነበር። አዲስ ግዛ ብንለው፣ እሱ እቴ! የተበሳ ጎማ እንኳ አይጥልም፤ ኪሱ ትርኪ ምርኪ ብቻ ነው።»

የሟቹ እህት አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር። መርማሪው እጇን ጨበጠ፤ ሳይጠይቃት እሷ ራሷ ጀመረች። «ሰኞ ፌዴሬሽን ሊቀርብ ነበር። አሰልጣኙ በግድ ስለሚወጋቸው የአበረታች መድኃኒት መርፌ ሊናገር። ተው፣ ያባርርሃል ስለው፣ ቢያባርረኝም እናገራለሁ አለኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዛዡ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠ።

«አልፈርምም!» አለች መካኒኳ።

«አትፈርሚም» አለ መርማሪው። «ከእጀታው ሥር ይህች ልጅ ካላማዳሪ ጠቅልላ ነበር። በቸልተኝነት ቢሆን ካላማዳሪው ከነዘይቱ እናገኘው ነበር። ቸልተኛ ሰው ዘይት ይነካካል እንጂ ጎማ ፈትቶ አይወስድም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው እጀታውን አወጣ፤ ካላማዳሪውን አገኘ፤ ምንነቱን ባያውቅም እንዳይላላ የሚይዘው እሱ መሆኑ ገባው። ፈታው፣ ዘይት ቀባ፣ እጀታውን መለሰ።»

«ሟቹስ ሲይዘው እንዴት አላወቀም?» አለ አዛዡ።

«ሁለቱ ጣቶቹ ደንዝዘዋል። ሜዳው ላይ በቀሩት ጣቶቹ ያዘው። ቁልቁለቱ ላይ ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ግን ሾለከ።»

«ዘይት መቀባት ለማንም አያቅትም!» ጮኸ አሰልጣኙ።

«አያቅትም። እስቲ ማጉያዎን ያውሱኝ።» መርማሪው ተቀበለና መያዣውን ጨበጠ፤ እንደ ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። «ምቹ ነው። ትናንት እጅዎን የቆረጠው ይኸው አይደል? ማን ጠቀለለልዎት?»

«ራሴ ነኝ። አሮጌ ጎማ ነው፣ ዕቃ ቤቱ ሞልቶታል።»

መርማሪው ጎማውን ዙር በዙር ፈታ። ጫፉ ላይ ግማሽ ቀይ ልጥፍ ነበር። መካኒኳ ያለ ጥያቄ ትራፊዋን አምጥታ አጠገቡ አደረገችው፤ ግማሽና ግማሹ ገጥሞ አንድ ክብ ሆነ።

«አመል ያወጣል ከመሀል» አለ መርማሪው። «ገደል ብትወረውረው ማን ያገኝብህ ነበር? ደህና ጎማ መጣል ግን አልሆነልህም። ሰው ገድለህ፣ ለራስህ ምቹ እጀታ ሠራህበት።»

አንቱታው መቅረቱን አሰልጣኙ የሰማ አይመስልም። የቆሰለ መዳፉን እያየ «ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር» አለ።

«ሰኞ እኔ እሄዳለሁ» አለች የሟቹ እህት የአሰልጣኙን ዓይን ዓይኑን እያየች። «እሱ ሊል የነበረውን አንድ ሳላስቀር እላለሁ።»

«እኔም አብሬሽ አለሁ» አለ ሁሌ ሁለተኛ። «እኔንም ወግቶኛል።»

አሰልጣኙ ከተወሰደ በኋላ አዛዡ የድሮውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የምስክርነት ቃል ጽፎ ለመካኒኳ አቀረበ። «መቼም ይህን ትፈርሚያለሽ።»

«መጀመሪያ ላንብበው።»

ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። «ይጎድለዋል» አለችና እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ «የግራ እጁ እጀታ በልኩ የተሠራ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ፈረመች።